በየጊዜው ቀጥ ብሎ የሚቆም የቤት ኮምፒውተር፦ ችግሩ የሃርድ ዲስኩ ነው ወይስ የፓወር ሰፕላዩ?

ጤና ይስጥልኝ። ሙያው ያላችሁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የቤታችን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት ራም፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክና ዊንዶውስ 10 ያለው ሲሆን፣ ፋይል ስከፍት ወይም ስገለብጥ የማውሱ ቀስት ብቻ እየተንቀሳቀሰ ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንዳንዴ ከደቂቃዎች በኋላ ራሱ ይቀጥላል፣ አንዳንዴ ግን አጥፍቼ ካላስነሳሁት አይመለስም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሙቀትን ነበር፤ ሆኖም አቧራው ከተጸዳ በኋላ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አያልፍም። የራም ፍተሻውም ስሕተት አላሳየም። በታስክ ማናጀር (የኮምፒውተሩን ሥራ በሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ስመለከት ግን፣ ኮምፒውተሩ በሚቆምበት ቅጽበት የሚነበበውና የሚጻፈው መረጃ ወደ ዜሮ ወርዶ ሳለ ዲስኩ 100% ሥራ ላይ እንደሆነ ያሳያል፤ በኢቨንት ቪወርም (ዊንዶውስ የገጠመውን በሚመዘግብበት መዝገብ) በዚያው ሰዓት የማስጠንቀቂያ ቁጥር 129 እና 153 ተመዝግበው አገኛለሁ። ሁለቱም ዲስኩ ለትእዛዝ በጊዜው አለመመለሱን የሚጠቁሙ በመሆናቸው የስማርት ምርመራ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን ማየት) አደረግሁ፤ ለመነበብ ያስቸገሩ ሴክተሮችም (መረጃ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ የዲስኩ ክፍሎች) ታዩ።

ግራ የገባኝ የተዳከመ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ወይም የላላ የሳታ ኬብል (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ገመድ) ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል ነው፤ በሰፈራችን መብራት እየሄደ እየመጣ ስለሚያስቸግር ይህን ችላ ማለት አልቻልኩም። አዲስ ዲስክ ከመግዛቴ በፊት ምክንያቱን በምን ልለይ? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የእኅቴ የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተሰባችን ፎቶግራፎች ሌላ ቅጂ የሌላቸው መሆኑ ነው። ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻና መጠገኛ ፕሮግራም) የደከመን ዲስክ ይበልጥ ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሜ ፋይሎቹን ማውጣት እፈልጋለሁ፤ ይህንስ በዊንዶውስ ላድርገው ወይስ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ በሚሠራ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም)?