የቆዩ ወይኖች በአንድ ምሽት፦ ቅደም ተከተሉና አከፋፈቱ እንዴት ይሁን?

ሰናይት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ስምንት ሰው ይቀምሳል። ያሉት ጠርሙሶች ሻምፓኝ፣ የ2001 ሪዮኻ ግራን ሬዘርቫ (የስፔን ቀይ)፣ የ1996 ፖያክ (የፈረንሳይ ቀይ)፣ የ2004 ባሮሎ (የጣሊያን ቀይ) እና የ2001 ሶተርን (የፈረንሳይ ጣፋጭ ነጭ) ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር)። የቱ ይቅደም? ቀዮቹ ከስንት ሰዓት በፊት ይከፈቱ? ዶሮ ወጥ ቢቀርብስ?

ጋሻው፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀዮቹን ዛሬውኑ አቁሚያቸው። ለዓመታት ተጋድመው ስለኖሩ ዝቃጩ ጎናቸው ላይ ነው፤ እስኪወርድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ቅዳሜ ዕለት በመኪና ከተጓዙ ግን ዝቃጩ እንደገና ይበጠበጣል፣ ወይኑም ደፍርሶ ይመርራል። ስለዚህ የሚጠጡበት ቤት ቀድመው ይድረሱ።

ባሮሎው ጠንካራ ነውና ወደ ማንቆርቆሪያ ተገልብጦ ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ያህል አየር ያግኝ። ፖያኩ ከዝቃጩ እንዲለይ ብቻ ሊቀርብ ሲል ይገልበጥ፦ ከጠርሙሱ አንገት ሥር የስልክ መብራት አብርተሽ በቀስታ ሳታቋርጪ አፍስሺ፤ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ወደ አንገቱ ሲመጣ አቁሚ። ሪዮኻው ተከፍቶ ወዲያው ይቀዳ። ግራን ሬዘርቫ ለገበያ የሚወጣው ቢያንስ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሁለቱን በበርሜል ስለሚያሳልፍ አየሩን ቀስ ብሎ አግኝቷል።

ሙቀቱ ለሻምፓኝ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ ለሶተርን ከ10 እስከ 12፣ ለቀዮቹ ከ16 እስከ 18 ይሁን። ሰው የሞላበት ሳሎን ከ22 ያልፋል፣ ያኔ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። ቀዮቹን 20 ደቂቃ ፍሪጅ ማስገባት ነውር የለውም።

ቅደም ተከተሉን ከወጣቱ ወደ አሮጌው፣ ማለትም ባሮሎ፣ ሪዮኻ፣ ፖያክ አደርገዋለሁ፤ ሻምፓኙ መጀመሪያ፣ ሶተርኑ መጨረሻ።

ማርታ፦
በሌላው ሁሉ ከጋሻው ጋር እስማማለሁ፣ ባሮሎን ማስቀደሙ ላይ ግን አልስማማም። ባሮሎ የሚሠራበት ወይን ፍሬ፣ ኔቢዮሎ፣ ቀለሙ ሳሳ ስለሚል ያታልላል እንጂ ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው የወይኑ ንጥረ ነገር) ድድ ያደርቃል፤ ከእሱ በኋላ የሚቀመሰው ሪዮኻ ውኃ ይመስላል። ሪዮኻ፣ ፖያክ፣ ባሮሎ ይሁን። ዕድሜው ሳይሆን አፍ ላይ ጥሎት የሚሄደው ነገር ነው ቅደም ተከተሉን የሚወስነው።

መጠኑን ልጨምር። ከ750 ሚሊ ሊትር ዝቃጩ ሲቀነስ 700 ያህል ይቀራል፣ ለስምንት ሰው 85 ገደማ ነው። መጀመሪያ 40 ብቻ ቅጂ፤ ቀሪውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ አምጪው። የቆየ ወይን ብርጭቆ ውስጥ ይለወጣል፣ ያንን ማሳለፍ ያስቆጫል። በድምሩ ለአንድ ሰው ከ400 ሚሊ ሊትር በላይ ስለሚሆን መትፊያ ዕቃና ብዙ ውኃ ይቀመጥ፣ መኪና የሚነዳ ሰው ካለ የግድ ነው።

ዶሮ ወጡ ለቀዮቹ አይሆንም። በርበሬው አልኮሉን ያነደዋል፣ ታኒኑንም ያሻክረዋል። ሚጥሚጣ ያልነካው የበግ ጥብስና ዳቦ ይበቃል። ወጡ የግድ ከሆነ ከሶተርኑ ጋር ይቅረብ፣ ጣፋጭነቱ ማቃጠሉን ያበርደዋል። ዕጣን ደግሞ በፍጹም አይጨስ! ቡናውም ከሁሉም በኋላ ይፈላ።

ሰናይት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቡሹ ቢፈርስስ? ሽታው የተበላሸ ቢመስልስ?

ታደሰ፦
ለ1996ቱ ጠመዝማዛው መክፈቻ ያሰጋል፣ የደረቀ ቡሽ መሀሉን ይቦረቡረዋል። ሁለት ቀጭን ምላስ ያለው መንቀያ ይሻላል፦ ረጅሙን ምላስ በቡሹና በጠርሙሱ መካከል አስቀድመሽ፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዝሽ ሁለቱን አስገቢ፣ ከዚያ እያዞርሽ ሳቢ። ከተሰበረ ቀሪውን ወደ ውስጥ ግፊና ሽታ በሌለው ንጹሕ ማጥለያ አሳልፊው።

እንደተከፈተ የሚመጣ የታፈነ ሽታ በ10 ወይም 15 ደቂቃ ይጠፋል፤ የተጫረ ክብሪት የሚመስለውም ብርጭቆው ሲሽከረከር ይለቃል። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ግን የቡሽ ብልሽት ነው፣ አየር ሲያገኝ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ቡናማ ሆኖ አቼቶ የሚሸተውም አይመለስም። ለዚህ ሲባል አንድ ተጨማሪ ቀይ ጠርሙስ አቁመሽ አቆዪ፤ ካልተፈለገ ሳይከፈት ይመለሳል።