መልስ፦ «ሁሉን ኤአይ ከመለሰው እኔ ለምን አስፈልጋለሁ?»

ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ። ከኮምቦልቻ መጥተሽ በአጭር ጊዜ ቢሮ መግባትሽ ትልቅ ነገር ነው። ይሄ ጥያቄሽ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኝ ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

የምሠራው ዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ነው። የትኛው መኪና መቼ ተጭኖ እንደሚወጣ ድሮ የሚወስኑት ነባር ሠራተኞች ነበሩ። አሁን ይህን የሚያወጣው የኤአይ ፕሮግራም ነው። እኛ አዲስ ገቢዎች የሚለንን ቶሎ ለመድን፣ አለቆችም ወደዱን። ነባሮቹን የሚጠይቅ ግን ጠፋ። አንዱ ጡረታ ሲወጣ፣ የትኛው ደንበኛ በር ላይ ትልቅ መኪና እንደማይዞር የሚያውቀውን ሁሉ ይዞት ሄደ። ለፕሮግራሙ የነገረው ሰው የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭነት እየተመለሰብን ተንገላታን።

በኋላ ስለዚህ ነገር ሳነብ ጄምስ ማርች የሚባል አሜሪካዊ ምሁር አገኘሁ። በፈረንጆቹ 1991 ድርጅትን በኮምፒውተር አስመስሎ ሠርቷል። ሞዴሉ ቀላል ነው። ሠራተኞች የድርጅቱን አሠራር ይማራሉ፤ ድርጅቱም ከራሱ የተሻለ ከሚያውቁት ይማራል። ሁሉም ቶሎ ከለመደ ሁሉም አንድ ዓይነት ያስባል። ድርጅቱ የሚማርበት ሰው ያጣል፣ ስህተቱም እንዳለ ይቀራል። ቀስ ብለው የሚለምዱ ሲኖሩ ግን እውቀቱ በመጨረሻ ከፍ ይላል። አዲስ ገቢም ከነባሩ ያነሰ ቢያውቅ እንኳ፣ የሚያውቀው የተለየ ስለሆነ ይጠቅማል። ያኔ የዛሬው ኤአይ አልነበረም። ሁላችንም አንድ ማሽን ጠይቀን አንድ መልስ ይዘን ስንመጣ እኔን የሚያሰጋኝ ግን ይኸው ነው።

አገር ቤት ቅሬያችንን፣ እድራችንን ማለቴ ነው፣ አስቢው። ደንቡ መዝገብ ላይ አለ። ሐዘን ሲደርስ ግን የትኛው ቤት ድንኳን የሚተክል ልጅ እንደሌለው፣ ማን አፍሮ «እርዱኝ» እንደማይል የሚያውቁት እናቶች ናቸው።

አሁን ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የራሴን መልስ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ኤአይን እጠይቃለሁ። ሁለቱ ካልተገናኙ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ የቆየ ሰው አጠገብ እቀመጣለሁ። እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል፤ እስካሁን ግን ማንም ፊት ነስቶኝ አያውቅም።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ይዘሽ ነበር ብለሻል። ዕቃ ሲጎድል ከየት ጀምረሽ ትፈልጊ እንደነበር ለአለቃሽ ንገሪያት። ካስቸገረሽ ቅዳሜ ደውይልኝ፣ በእንግሊዝኛ አብረን እናዘጋጀዋለን።