ጥቆማ፦ ብቻዬን ሴኡል ልሄድ ነው፤ ማረፊያዬን ሆንግዴ ላድርግ ወይስ ሚዮንግዶንግ?

ሚሚ_ገርጂ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጥቅምት ላይ ሴኡል እሄዳለሁ። ቪዛዬ ወጥቷል፣ ትኬትም ቆርጫለሁ። ብቻዬን ነኝ። ጓደኞቼ «ብቻሽን ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ኬ-ፖፕ ሳዳምጥ ነው ያደግኩት። አሁን ከተማውን በእግሬ ማየት እፈልጋለሁ። ልጆቹ የሚጨፍሩበትን መንገድ፣ አልበም የሚሸጥበትን ሱቅ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ ማታ የሚበላበትን ቦታ። ቆይታዬ ከሳምንት ትንሽ ይበልጣል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ማረፊያዬ ሆንግዴ ይሻላል ወይስ ሚዮንግዶንግ? የትራንስፖርት ካርድስ ቲ-መኒ ልግዛ ወይስ ያን «የአየር ንብረት ካርድ» የሚሉትን? የሞከራችሁ ንገሩኝ። አመሰግናለሁ።

አቢ_ዳንስ፦
ሆንግዴ! ምንም አታስቢ። ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ስለሆነ ወጣቱ ሁሉ እዚያ ነው። አመሻሽ ላይ የዳንስ ቡድኖች መንገድ ላይ ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ፣ ሰው ከቦ ያያል። ዘፈኑን ካወቅሽው ገብተሽ የምትጨፍሪበትም ጊዜ አለ። ሳንቲም እየከፈልሽ አንድ አንድ ዘፈን የምትዘፍኚባቸው ትንንሽ የካራኦኬ ክፍሎች በየሕንፃው አሉ። ብቻውን ለመጣ ሰው የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ከኢንቾን ኤርፖርት ስትወጪ ሁለት ዓይነት ባቡር አለ። ኤክስፕረሱ በየትም ሳይቆም ሴኡል ጣቢያ ነው የሚያደርስሽ። ሆንግዴ የሚቆመው በየጣቢያው የሚቆመው ነው። እሱ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ያውም በአንድ ባቡር በቀጥታ ትደርሻለሽ። ሻንጣ ይዞ ባቡር ከመቀየር ያድናል።

ሰብሊ_አርሚ፦
ሚሚዬ፣ ሚዮንግዶንግ እረፊ። ለምን መሰለሽ? ከመሬት በታች ባለው የገበያ መተላለፊያ ውስጥ አንድ የአልበም ሱቅ አለ። ባለቤቷ እናት የሆነች ሴት ናት። አንዴ ካወቀችሽ አትረሳሽም። አልበም ስገዛ ፖስተሩን በካርቶን ቱቦ ጠቅልላ ትሰጠኛለች፣ ፎቶካርድም (የዘፋኞቹን ትንሽ ፎቶ) ትጨምርልኛለች። ሌላ ቦታ አልገዛም፣ በቃ።

አቢ_ዳንስ፦
ሰብሊ፣ ሆንግዴ ጣቢያ አጠገብ ያለው ኤኬ ፕላዛ ውስጥ ዊዝሙ የሚባል የአልበም ሱቅ አለ። ሰፊ ነው፣ አዲስ የወጣ ሁሉ ይገኛል፣ የአርቲስቶች ዝግጅትም ይካሄድበታል። ባለፈው ዋጋ ሳወዳድር ሚዮንግዶንግ ምድር ቤት ያሉት አንዳንዶቹ ይወደዱ ነበር።

ሰብሊ_አርሚ፦
ይወደድ! እኔ ለእሷ ስል እከፍላለሁ። ፖስተር ሳይታጠፍ ጠቅልሎ የሚሰጥ ሱቅ አሳዪኝና እናወራለን።

ኤደን_ዱባይ፦
ስለ ሆንግዴ አንድ ነገር ልናገር፣ ሌላ ሴት እንዳይደርስባት። ከዱባይ ነው የሄድኩት፣ ብቻዬን። ፎቶው ላይ የሚያምር ክፍል አይቼ ሙሉ ክፍያ ከፈልኩ። ስደርስ ክፍሉ ግማሹ ከመሬት በታች ነው። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ነው፣ የሚያልፈውን ሰው ጫማ ነው የማየው። ሽታው ሌላ። በሩ ላይ ያለው የቁጥር ቁልፍ ኮዱ ለማን ለማን እንደተሰጠ አይታወቅም። ሌሊት አንድ ሰው መጥቶ ቁጥር ሲሞክር ሰማሁ። ሻንጣዬን በሩ ላይ ደግፌ አደርኩ። ጠዋት ብደውል «ሰክሮ የተሳሳተ ጎረቤት ነው» አሉኝ። ገንዘቤንም አልመለሱልኝም። የቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ግን ፎቶ አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ።

ሄለን_ሲኤምሲ፦
ኧረ እህቴ! በሰው አገር እንዲህ? ያዝናል። ካርድ የሰጠሽ ባንክ ምን አለሽ?

ኤደን_ዱባይ፦
ባንኩ ማስረጃ አምጪ አለኝ። ፎቶ አንስቼ ነበር፣ ላክሁላቸው። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ግማሹ ተመለሰ። ኮሪያን ግን አልጠላሁም። በማግስቱ ሌላ ቦታ ተዛውሬ ደስ ብሎኝ ነው የቆየሁት።

ፍቅር_አዳማ፦
እኔም ኢስታንቡል እንደዚህ ሆኜ ነበር። ሆቴሉ ቦታ የለንም ብሎ ወደ ሌላ ቤት ላከኝ። የምናውቃቸውን መጥፎ ቤቶች ዝርዝር ብናወጣ ጥሩ ነው።

ሄለን_ሲኤምሲ፦
ባንኮቹ ላይ ነው መጮህ ያለብን። የዶላር ካርድ ሲሰጡን ደስ ይላቸዋል፣ ችግር ሲመጣ ግን ስልክ አያነሱም።

ቶማስ_ፒያሳ፦
አሪፍ ነው። ልጅቷ የባቡር ካርድ ጠየቀች፣ እናንተ ኢስታንቡል ደረሳችሁ። ቀጥሉ፣ እስከ ጥቅምት ፍርድ ቤትም እንከፍታለን።

ተማሪ_ሴኡል፦
ቶማስ ልክ ነው፣ ወደ ጥያቄው እንመለስ። እኔ እዚህ ማስተርሴን እየሠራሁ ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍ።

ካርዱን እናስላው። ቲ-መኒ ገንዘብ ተሞልቶበት በየጉዞው የሚቆረጥበት ነው፤ «የአየር ንብረት ካርድ» ግን ለተወሰነ ቀን የፈለግሽውን ያህል ያሳፍርሻል። የምድር ባቡር መነሻ ዋጋ በካርድ 1,550 ዎን ነው። «የአየር ንብረት ካርድ» ለቱሪስት የ1 ቀኑ 5,000፣ የ3 ቀኑ 10,000፣ የ5 ቀኑ 15,000 ዎን ነው። የካርዱ መግዣ ለብቻው 3,000 ዎን አለ። እንግዲህ የካርዱን መግዣ ጨምሮ በ5 ቀን ውስጥ ከ11 ጊዜ በላይ ከተሳፈርሽ ያተርፍሻል። ጠዋት ቤተ መንግሥት፣ ከሰዓት ሶንግሱ፣ ማታ ሆንግዴ የምትዪ ከሆነ በቀን አራት ጊዜ ትሳፈሪያለሽ። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰፈር የምትውዪ ከሆነ ግን ቲ-መኒ ይበቃሻል። ይህ ካርድ ሺንቡንዳንግ መስመር ላይ አይሠራም። ራቅ ወዳሉ ከተሞችም አያደርስሽም። ስለዚህ ቲ-መኒም በቦርሳሽ ይኑር። ሰፈር ውስጥ ካሉ ሚኒ ማርኬቶች ትገዢዋለሽ፣ ብዙ ቦታ የሚሞላው በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ትንሽ ዎን ያዢ። ጥሬ ዶላር ይዘሽ ከመጣሽ ዋውፓስ የሚባል ብርቱካናማ ማሽን አለ። ዶላር ቀይሮ ካርድ ይሰጥሻል፣ በዚያው ካርድ ላይ ቲ-መኒም አለበት።

ኤደን የነገረችን ነገር ቀላል አይደለም። እዚህ ኦፊስቴል የሚባሉ ሕንፃዎች አሉ፣ ቢሮም መኖሪያም ናቸው። ለእንግዳ ማከራየት አይፈቀድም፣ ግን የሚያከራይ አይጠፋም። ከመክፈልሽ በፊት ቤቱ የማደሪያ ፈቃድ እንዳለው ጠይቂ። ችግር ካጋጠመሽ 1330 ደውዪ። የቱሪስት መስመር ነው፣ በእንግሊዝኛ ያናግሩሻል፣ ቅሬታም ይቀበላሉ። ፖሊስ 112 ነው።

ማረፊያ እኔን ብትጠይቂኝ ሆንግዴም ሚዮንግዶንግም አልልም። ሆንግዴ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ነው። ሚዮንግዶንግ ደግሞ ቱሪስት እንጂ የከተማው ሰው የለበትም። ከሆንግዴ አንድ ሁለት ጣቢያ ራቅ ብለሽ በመስመር 2 ላይ እረፊ። መስመር 2 ክብ ነው። ሆንግዴም ሶንግሱም ጋንግናምም ያለ ቅያሪ ያደርስሻል። አንቺ ማየት የፈለግሽው የከተማ ኑሮ ያለው እዚያ ነው።

ሰብሊ_አርሚ፦
ከሚዮንግዶንግ ሴኡል ጣቢያ ግን በመስመር 4 ሁለት ጣቢያ ብቻ ነው። ያ ሱቅ ደግሞ እዚያው ነው።

ብርቱካን_ጎንደር፦
ይቅርታ፣ ጾም ያለው ሰው ምን ይበላል? ረቡዕ እና ዓርብ እዚያ ሲደርስብሽ አስበሽበታል? ሥጋ የሌለው ነገር አለ?

ተማሪ_ሴኡል፦
ብርቱካን ጥሩ ጠየቅሽ፣ እኔን በመጀመሪያ ያስቸገረኝ ይሄ ነው። አትክልት የሚመስለው ሁሉ ጾም አይደለም። ኪምቺ (የተብላላው ጎመን) አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም በጨው የተብላላ ሽሪምፕ ይገባበታል። ሾርባውም ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚነሳው። ቢቢምባፕ (ሩዝ በአትክልት) ስታዝዙ «ሥጋ እና እንቁላል አታድርጉ» በሉ። ከሁሉ የሚያስተማምነው የቡድሂስት ገዳም ምግብ ነው። ኢንሳዶንግ አካባቢ ምግብ ቤቶች አሉ። ነጭ ሽንኩርት እንኳን የለውም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ለሚሚም አንድ ነገር ልንገርሽ። ሥጋ የሚጠበስባቸው ብዙ ቤቶች ለአንድ ሰው አናስተናግድም ይሉሻል፣ ቢያንስ የሁለት ሰው ማዘዝ አለብሽ። አይክፋሽ፣ ለሁሉም ነው። ብቻሽን ስትሆኚ ጊምባፕ (በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ)፣ የሾርባ ቤቶች እና የሚኒ ማርኬት ኑድል ይበቁሻል። ዩዊዶ ሃን ወንዝ ዳር ማሽኑ ላይ ኑድልሽን ራስሽ አፍልተሽ ሣሩ ላይ ተቀምጠሽ ትበያለሽ። ዙሪያሽን ብታዪ ብቻውን የሚበላ ብዙ ነው።

የቃኘው_ልጅ፦
ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ስከታተል ነበር። አባቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። እዚያ ድረስ ከሄድሽ ቹንቾን የምትባለው ከተማ ሳትደርሺ አትመለሽ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ተሻግረው ተዋግተዋል። ከ120 በላይ እዚያው ወድቀዋል። አንድም አልተማረከም። ቹንቾን ላይ ጃንሆይ በ1968 ሲሄዱ የተመረቀ ሐውልት አለ። ከፊት ለፊቱ የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቷል፣ ጣሪያው የአገራችንን ጎጆ ይመስላል። አጠገቡ ከዚያው ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያን ቡና የሚያፈላ ቤት አለ። ዘፈኑንም እዪ፣ አልቃወምም። ግን ያ ከተማ እንዲህ የቆመው በምን ላይ እንደሆነ እዪ።

ሚሚ_ገርጂ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። በባቡር እንዴት ነው የሚኬደው?

የቃኘው_ልጅ፦
ሴኡል ካለው ዮንግሳን ጣቢያ አይቲኤክስ የሚሉት ባቡር ይነሳል። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ጠዋት ሄደሽ ማታ ትመለሻለሽ። እዚያው ዮንግሳን ውስጥ ያለው የጦርነት ሙዚየም መግቢያ አይከፈልበትም። ሰኞ ዝግ ነው። የእኛ ባንዲራም አለ።

አቢ_ዳንስ፦
ጋሼ፣ የአባትዎን ነፍስ ይማርልን። ሚሚ፣ ዮንግሳን ከሄድሽ የቢቲኤስ ኩባንያ ሃይብ ሕንፃም እዚያው ነው። ውስጥ አያስገቡም፣ ሙዚየሙም ተዘግቷል፣ ከውጭ ፎቶ ትነሻለሽ። መግባት የምትችይበት ከፈለግሽ ሴኡል ፎረስት ጣቢያ ያለው የሌላው የኬ-ፖፕ ኩባንያ የኤስኤም ሕንፃ ምድር ቤት ሱቅ አለው። ከዚያ ሶንግሱን በእግር ተመልከቺ፣ ድሮ የጫማ ፋብሪካ ሰፈር ነበር። አሁን በየሳምንቱ አዲስ ጊዜያዊ ሱቅ ይከፈትበታል። ዋን ሚሊዮን የዳንስ ስቱዲዮም እዚያ ነው፣ የአንድ ቀን ክፍል ይሸጣል። ዓርብ ደግሞ የቴሌቪዥን ጣቢያው የኬቢኤስ የሙዚቃ ፕሮግራም ዩዊዶ ላይ ይካሄዳል። ጠዋት አርቲስቶቹ ሲገቡ ደጃፉ ላይ አድናቂ ይሰበሰባል።

ሄለን_ሲኤምሲ፦
ካርታውስ? ጎግል አይሠራም ይላሉ።

ተማሪ_ሴኡል፦
ጎግል ለእግር መንገድ አያስተማምንም። ናቨር ማፕ አውርዱ፣ በእንግሊዝኛ አለ። ለታክሲ ካካኦ ቲ። ባቡር እኩለ ሌሊት ገደማ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ኤን የሚል ፊደል ያለባቸው የሌሊት አውቶቡሶች አሉ። ቡክቾን የድሮ ቤቶች ሰፈር ልትሄጂ ከሆነ ሰዓት ጠብቂ። ሰው ስለሚኖርበት ዋናው ክፍል ለጎብኚ የሚፈቀደው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻ ነው። ካለፈ 100,000 ዎን ያስቀጣሻል።

ሚሚ_ገርጂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግራ መጋባቴ ግን ጨመረ። የኮንሰርት ትኬትስ ከውጭ ሆኜ እንዴት እገዛለሁ?

ኤደን_ዱባይ፦
ሜሎን ቲኬት ለውጭ ሰው የተለየ ገጽ አለው። በፓስፖርትሽ ስም ትመዘገቢያለሽ። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ፊደል እንዳይለያይ፣ በር ላይ ያመሳክራሉ። ከሰው እጅ በጭራሽ አትግዢ። የምታርፊበትንም ስትወስኚ ጻፊልኝ፣ ቤቱን አብረን እናየዋለን።

ፍቅር_አዳማ፦
ሚሚ፣ ላይትስቲክ (ኮንሰርት ላይ የሚውለበለበውን መብራት) ታመጪልኛለሽ? ገንዘቡን አስቀድሜ እልካለሁ።

ሄለን_ሲኤምሲ፦
ለእኔም! ለእህቴ ልደት ነው።

ሰብሊ_አርሚ፦
የየትኛው ቡድን እንደሆነ ጻፉላት፣ የእያንዳንዱ ይለያያል። አዲሱን ሞዴል ነው የምትፈልጉት ወይስ የድሮውን? አብዛኛው ባትሪው አብሮት አይሸጥም፣ ትንሹን ባትሪ እዚሁ ግዙ። ሚሚ፣ ያቺ ሴትዮ ጋ ከሄድሽ ደግሞ ሣጥኑ እንዳይጨመቅ ራሷ ትጠቀልልሻለች።