ኮምቦልቻ፦ የቡችላ ቁንጫ ቢለቀምም አላልቅ አለ

እባካችሁ መላ በሉኝ። የ6 ሳምንት ቡችላ ቁንጫና መዥገር ወሮታል። ከፀጉሩ የሚረግፈው ጥቁር ፍርፋሪ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ቀይ ይሆናል፤ የተመጠጠ ደም ነው። ድዱም መንጣት ጀምሯል፣ ያስፈራኛል።

በየቀኑ በቅማል ማበጠሪያ አበጥሬ የወጣውን ሳሙና ውሃ ውስጥ እከታለሁ። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዤ ቀጥ አድርጌ እነቅላለሁ። ላምባ አልቀባም፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ነጭ ሽንኩርት አብሉት የሚሉም አሉ፣ ለውሻ ግን መርዝ ነው። መኝታውን በየ3 ቀኑ በፈላ ውሃ አጥባለሁ።

ችግሩ ወለሉ ነው፦ በእበት የተለቀለቀ አፈር። የቁንጫው እጭ ስንጥቁ ውስጥ ድር ለብሶ ሳምንታት ስለሚቆይ፣ ባጸዳሁ ቁጥር አዲስ ይፈለፈላል።

ተባይ ያባርራል የሚባለውን የኒም ዛፍ ቅጠል ከባቲ ማስመጣት እችላለሁ። ለ5 ሊትር ውሃ ስንት እፍኝ ልቀቅል? እናቱ ስለምትልሰው ወለሉ ላይ ብቻ ልርጨው? ስንጥቁንስ በምን ልድፈነው?