ከሐይፋ ወደብ ኢየሩሳሌም አድሮ ለመመለስ 1,900 ዶላር ልክፈል?

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። "ኢየሩሳሌምን ሳልሳለማት አልሙት" ስትል ነው የኖረችው። ከግሪኩ ፒሬየስ ወደብ በሚነሳ የሽርሽር መርከብ ለሁለታችን ቦታ ይዣለሁ። ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ሐይፋ ደርሶ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ይነሳል።

መርከቡ ያዘጋጀው የአዳር ጉዞ አውቶቡስ፣ ሆቴልና አስጎብኚ ጨምሮ ለአንድ ሰው 950 ዶላር ነው። አውቶቡሱ ቢዘገይም መርከቡ ይጠብቃል። ፕሮግራሙን ሳየው ግን ለጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን የተሰጠው 45 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ያለው፣ የእኛ መነኮሳት የሚኖሩበት የዴር ሱልጣን ገዳም ጭራሽ የለበትም። እሷ የምትጓጓው ደግሞ ለእሱ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ የምትወጣው ግድግዳ ተደግፋ፣ በየሦስት እርከኑ ቆም እያለች ነው። ከቡድኑ መነጠል ይቻል እንደሆነ ብጠይቅ "ከተነጠላችሁ መርከቡ አይጠብቃችሁም" አሉኝ።

በራሳችን የምንሄድበትንም አየሁ። ዓርብ ጠዋት ባቡር አለ። ቅዳሜ ግን ሰንበት ስለሆነ እስኪመሽ ባቡር የለም። ያነጋገርኩት ባለታክሲ ለመመለሻ ብቻ 1,200 ሸቀል ጠየቀኝ። ገንዘቡስ ይሁን፣ የምፈራው እሱ ቢቀርብንስ ብዬ ነው።

አረጋዊ ይዛችሁ በዚህ መንገድ የሄዳችሁ፣ ዴር ሱልጣንን ረጋ ብላ እንድትሳለም በራሳችን ብንሄድ ይሻላል ወይስ 1,900ውን ከፍዬ ከቡድኑ ጋር ልውሰዳት?