«ይበላል?» ሲነገር ያስቃል፣ ሲጻፍ ግን ይጠፋል

አስቂኝ ወግ መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። የምወደው እንደ አለቃ ገብረ ሐና ያለ የቃላት ጨዋታ ነው። አሁን በያዝኩት ወግ ውስጥ እናት ከጓዳ ሆነው ስለ እንግዳው «ይበላል?» ብለው ይጠይቃሉ። «በ» ሲላላ እንግዳው ምሳ ይቀርብለታል። ሲጠብቅ ግን ራሱ እንግዳው ምሳ ይሆናል።

ለእህቴ በቃል ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። ጽፌ ስሰጣት ዝም ብላ አለፈችው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይማ! ከ«በ» በላይ ነጥብ አደረግኩ፤ የትየባ ስህተት መሰላት። በቅንፍ አብራራሁት፤ ቀልዱ እዚያው ሞተ። ከዚያ ትንሹ ልጅ ጥያቄውን ሰምቶ እንዲደነግጥ አደረግኩ። ይሄ ይሻላል፣ ግን ለምን እንደደነገጠ አልገባትም።

ቀልዱን መጣል አልፈልግም። ሳላብራራ አንባቢው ሁለቱንም ንባብ እንዲሰማ፣ ከ«ይበላል?» በፊት ያለውን ዐረፍተ ነገር እንዴት ልጻፈው?