ካሜራ ሲዞርብኝ ፊቴ ይደርቃል፤ የትኛው የሠርግ ፎቶ ስታይል ይሻለናል?

ዝምተኛዋ ሙሽራ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሠርጋችን ጥቂት ወራት ቀርተውታል። አዳራሹ ተይዟል፣ ልብሱም እየተሰፋ ነው። ፎቶ ላይ ግን መስማማት አቅቶን ቆመናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ካሜራ ሲዞርብኝ ፊቴ ይደርቃል። «ፈገግ በይ» ሲሉኝ አንገቴ ይገተራል፣ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። እጮኛዬ ደግሞ ተቃራኒዬ ነው። ካሜራ ካየ ኮቱን አስተካክሎ፣ ቀና ብሎ፣ ማንም ሳይነግረው ፖዝ ይሰጣል። እሱ የሚፈልገው የመጽሔት ሽፋን የሚመስለውን ነው። እኔ የምወደው ሰው ሳያውቅ የተነሳውን ነው።

ስልኬ በስክሪንሾት ተሞልቷል። አንዱ ነጣ ያለ፣ ሁሉ ነገሩ ክሬም የሆነ። ሌላው ጠቆር ያለ፣ ቡናማ። ሌላው የድሮ ፊልም የሚመስል። ሁሉም ያምራል። እኛ ስንገባበት ያምርብናል ወይ? ጥያቄዬ እሱ ነው። እኔ ጠይም ነኝ፣ እሱ ጠቆር ይላል። እናቴ በበኩሏ ቤተሰብ ተሰልፎ ያልተነሳበት ሠርግ ሠርግ አይደለም ብላለች። ሥነ ሥርዓቱ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ግብዣው ማታ አዳራሽ ውስጥ።

ያገባችሁም ሙያው ያላችሁም እባካችሁ ምከሩኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ፎቶ አንሺያችን ምንም ፖዝ አላስያዘንም፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሆነውን ብቻ ተከትሎ አነሳ።

ከአልበሙ ደጋግሜ የማየው አባቴ በር ስር ቆሞ የንግግሩን ወረቀት ሲለማመድ የተነሳውን ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው፣ አንድ ጣቱ መስመሩ ላይ አርፏል። እኔ በዚያ ሰዓት ልብስ እየለበስኩ ስለነበር ይህን አላየሁም። ፎቶ አንሺው እኛን ሲያስተካክል ቢውል ኖሮ እሱም አያየውም ነበር።

እናትሽ ያለችውን ግን ችላ አትበይ። የእኛ አልበም ውስጥ ወንድምና እህቶቼ ሁሉ አንድ ላይ የቆሙበት ፎቶ የለም። ሁለቱ አንዱ ጋር፣ ሦስቱ ሌላው ጋር አሉ። ስድስታችን የለንም። ያ ፎቶ በራሱ አይመጣም፣ ሰው ተጠርቶ መሰለፍ አለበት።

ጥላና ብርሃን፦

ሠርግ ማንሳት ሥራዬ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ስክሪንሾቶቹን ለጊዜው ተዋቸው። እነሱ የሚያሳዩት ሌላ ሰው በሌላ ብርሃን እንዴት እንዳማረ ነው። ይልቅ ሁለታችሁም ስልካችሁንና የቤተሰብ አልበማችሁን ክፈቱ። እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን የወደዳችሁባቸውን ጥቂት ፎቶዎች አውጡ። የፎቶው ጥራት አያስጨንቃችሁ፣ የደበዘዘም ቢሆን ይሁን። ከዚያ ተመልከቱ። አጠገብሽ ማን ነበር? እጅሽ ምን እየሠራ ነበር? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ካሜራው ሩቅ ነበር ወይስ ቅርብ? ለአንቺ የሚሆነው ስታይል እዚያ ውስጥ ነው። አንድ ሙሽራ ይዛ የመጣቻቸው ፎቶዎች ሁሉ እጇ ሥራ የያዘባቸው ነበሩ። ልጅ አቅፋ፣ የእህቷን ፀጉር እየጎነጎነች፣ ዕቃ እየደረደረች። እጇ ባዶ የሆነበት አንድም አልነበረም። በሠርጓ ቀን አቁሜ አላነሳኋትም። የጆሮ ጌጧን ራሷ እንድታደርግ፣ የባሏን ክራቫት እንድታስተካክል፣ አበባውን ለሚዜዋ እንድታቀብል አደረግሁ። ፊቷ ራሱ ተፈታ።

ሁለተኛ፣ ሰው «ስታይል» ሲል ሁለት ነገር ይቀላቅላል። አንዱ አነሳሱ ነው፦ ፎቶ አንሺው ይመራችኋል ወይስ ዳር ቆሞ ይጠብቃል? ሌላው ቀለሙ ነው፦ ነጣ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ የፊልም መልክ ያለው። ቀለሙ በኤዲት የሚመጣ ስለሆነ በኋላም በተወሰነ ደረጃ ይስተካከላል። አነሳሱ ግን የዚያን ቀን ካለፈ አለፈ። ስለዚህ ክርክራችሁን በአነሳሱ ጀምሩ።

ቆሞ መነሳት ባዶ ልማድ አይመስላችሁ። ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ለሕዝብ ይፋ ሲሆን አንድ ምስል ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። የሚነሳው ሰው እንዳይነቃነቅ ከጭንቅላቱ ኋላ የብረት መደገፊያ ይቆምለት ነበር። በዚያ ሁኔታ ማን ይስቃል? እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ የምትባለዋ ትንሽ ካሜራ ገበያ ላይ ወጣች። እንደሷ ያሉ በእጅ የሚያዙ ካሜራዎች ሰውን በእንቅስቃሴ ላይ ማንሳት ቀላል አደረጉ። የዜና ፎቶ አንሺዎች ተጠቀሙባቸው፤ የዛሬው የዶክመንተሪ የሠርግ ፎቶም የእነሱን መንገድ የተከተለ ነው። አንቺ የምትወጅው እሱን ነው። እጮኛሽ የሚወደው ኤዲቶሪያል የሚባለውን፣ የፋሽን መጽሔቱን ነው። ሁለቱም ሙያ ነው፣ ሁለቱም ክብር ይገባዋል።

ለእናንተ የማስበው እንዲህ ነው። ቀኑ በአብዛኛው ዶክመንተሪ ይሁን። መሐል ላይ፣ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ባለው ሰዓት፣ ለሁለታችሁ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይለይ። ያኔ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ይመጣል፣ ይለሰልሳል። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐዩ ከአናት ስለሆነ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። በዚያ ግማሽ ሰዓት እሱ የመጽሔቱን ፎቶ ይነሳ። እሱ ሌንሱን ይመልከት፣ አንቺ እሱን ተመልከቺ። ካሜራውን እንድታዪ ማንም አያስገድድሽም፣ ፎቶው ግን ሙሉ ኤዲቶሪያል ነው።

ሰውነት ሲገተር የሚረዳ ነገርም ልንገርሽ። ክብደትሽን በኋለኛው እግርሽ ላይ አሳርፊ። ከመነሳትሽ በፊት ትንፋሽሽን ሙሉ በሙሉ አውጪ፤ ትከሻሽ አብሮ ይወርዳል። እጅሽ የሚይዘው ነገር ስጪው፤ የኮቱን እጅጌ ጫፍ፣ ቀሚስሽን፣ ክንዱን። ጣቶችሽን ግን አትጨብጪ፤ እንቁላል እንደያዘ ሰው ላላ አድርጊያቸው። ዓይንሽ ከፈዘዘ ጨፍኚና ፎቶ አንሺው ሦስት ሲል ክፈቺ። በጣም ከከበደሽ ተራመዱ። ቀስ ብላችሁ፣ እያወራችሁ፣ ወደ ካሜራው ሳታዩ። ሰው ሲራመድ ፊቱን ይረሳዋል።

አሁን ወደ ቀለሙ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ሲጫወቱ ሳይ ያናድደኛል። ነጣ ያለው ስታይል የሚመጣው ምስሉን ከመጠን በላይ በማብራት ነው። ብዙ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። ማታ አዳራሽ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ በኮምፒውተር ይነጣል። ያኔ የቆዳችሁ ሙቀት ይሄድና አመድ የነፋበት ይመስላል። በጣም ጠቆር ያለው ስታይል ደግሞ የእጮኛሽን ፊት ከጥቁር ሱፉና ከጀርባው ጨለማ ጋር ይደባልቀዋል። ነገሩ የቆየ ነው። ፎቶ የሚያትሙ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት የኮዳክ ካርድ ላይ ለረጅም ዘመን የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች። ስሙም «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ በስፋት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ካሜራው ብዙ ተሻሽሏል፤ የሰዉ ዓይን ግን ገና መሠልጠን አለበት።

ነጭ ቀሚስና ጥቁር ሱፍ አንድ ፍሬም ውስጥ ማንሳት ራሱ ፈተና ነው። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ሲለካ ሁሉን ነገር ወደ መካከለኛ ግራጫ ይስባል። ቀሚሱ ፍሬሙን ሲሞላ ምስሉን ያጨልማል፣ ሱፉ ሲሞላው ያነጣል። ችሎታ ያለው ሰው ቆዳችሁን አይቶ ይለካል፤ የቀሚሱ ጥልፍም አይጠፋበትም። ስለዚህ ፎቶ አንሺ ስትመርጡ ገጹ ላይ የለጠፋቸውን የተመረጡ ፎቶዎች ብቻ አትዩ። አንድ ሙሉ ሠርግ ከጠዋት እስከ ማታ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። እንደ እናንተ ዓይነት የቆዳ ቀለም ያላቸው ጥንዶች ይሁኑ። ፀሐይ ላይ ያለውንና ማታ አዳራሽ ውስጥ ያለውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡና ፊታቸውን አነጻጽሩ። ያ ሰው አንድ ነው ወይስ ሁለት ሰው ሆነ?

ለአዳራሹ ሰዎችም አንድ ነገር ንገሯቸው። ባለቀለም መብራቱ ጭፈራ ቦታው ላይ ይሁን፣ ሙሽሮች የሚቀመጡበት ላይ አይሁን። ወይን ጠጅና አረንጓዴ መብራት ፊት ላይ ካረፈ ኤዲት አያወጣውም። ፎቶ አንሺውን ደግሞ ፍላሹን እንዴት እንደሚጠቀም ጠይቁት። ወደ ነጭ ኮርኒስ አንጥሮ ከሆነ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ፊት ለፊት ከሆነ ጀርባው ይጨልማል፣ ፊት ያበራል። እሱን አሁን ወጣቶች ለጭፈራ ፎቶ ይወዱታል፤ ለሌላው ሰዓት ግን እኔ አልመክረውም።

የቤተሰቡን ሰልፍ በተመለከተ የመጀመሪያዋ መላሽ እውነቷን ነው። ስም ዝርዝር ጽፋችሁ ለፎቶ አንሺው ቀድማችሁ ስጡ። ለአንድ ቡድን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አስቡ፤ 10 ቡድን ካለ እስከ 50 ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። አዛውንቶቹን አስቀድሙ፣ ብዙ እንዳይቆሙ። ዘመዱን ሁሉ የሚያውቅ፣ ድምፁ የሚሰማ አንድ ሰው መድቡና እሱ ይጥራ።

ቀለም ቀቢው፦

እኔ ኤዲት ላይ ነው የምሠራው። ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ሁለት ነገር ልጨምር።

የኤዲት ፋሽን ቶሎ ያልፋል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀዩን ጽጌረዳ ብቻ ቀይ አድርጎ መተው አንድ ሰሞን ሁሉም የሚፈልገው ነበር። አሁን የሚያሠራው ብዙም የለም። አልበሙ ውስጥ ግን እንዳለ ነው። እኔ ሁሌም ተፈጥሯዊ ቀለም ይሁን፣ ጥቂቶቹ ጥቁርና ነጭ ይሁኑ እላለሁ። የፊልም መልኩን ከወደዳችሁት ለጥቂት ፎቶዎች ይሁንላችሁ።

ሌላው፣ ስለ ፊት ማስተካከል ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። «ቆዳችን አይንጣ፣ ማርያም ስሞሽ አይጥፋ፣ የእናቴ መጨማደድ አይነካ፣ የዚያን ቀን የወጣ ብጉር ግን ይጥፋ» ብላችሁ ጻፉ። ካልተነገረው ብዙ ሰው በራሱ ያለሰልሳል። ፎቶው ሲደርስሽ አንቺን የማይመስል ሰው ታያለሽ።

ዝምተኛዋ ሙሽራ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ቁጭ ብለን የድሮ ፎቶዎቻችንን አወጣን። የእኔዎቹ በሙሉ መስኮት አጠገብ ወይም ከሰው ጋር እያወራሁ የተነሱ ናቸው። ከጎን ነው የሚታየኝ፣ ፊት ለፊት ያየሁበት አንድም የለም። የእሱ ደግሞ እንደገመትነው ቆሞ የተነሳባቸው ናቸው። ግን አንድ ያስገረመን አለ። ወንድሙ ያነሳው፣ አፉን ከፍቶ የሚስቅበት፣ ሸሚዙ የተጨማደደበት ፎቶ። እሱ ራሱ ነው ያወጣው። ግማሽ ሰዓቱን ተስማምተናል። እናቴ ዝርዝሩን እየጻፈች ነው፤ የሚጠራው አጎቴ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ከሠርጉ በፊት ከፎቶ አንሺው ጋር ለልምምድ መነሳት ይጠቅማል ወይስ ትርፍ ነው?

ጥላና ብርሃን፦

ለአንቺ ይጠቅማል። ለሌላ ሰው ትርፍ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ፕሮግራም አታድርጉት፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። የዘወትር ልብሳችሁን ልበሱ፣ የሠርጉ ሥነ ሥርዓት በሚሆንበት ሰዓት ውጡ። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች አትቁጠሯቸው፣ ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ግትር ነው። ፎቶዎቹ ሲደርሷችሁ ስለ ውበታቸው ከመነጋገራችሁ በፊት የትኛው ጎንሽ እንደሚሻል፣ የቆዳችሁ ቀለም እናንተን መስሎ እንደሆነ፣ ሰውየው ሲያናግርሽ ዘና ብለሽ እንደሆነ እዩ። የመጨረሻው ካልተመቸሽ ፎቶው ቢያምርም ሌላ ሰው ፈልጊ። ከጠዋት እስከ ማታ አጠገብሽ የሚውለው እሱ ነው። ስለዚህ ልምምዱን ውል ከመፈረማችሁ በፊት አድርጉት።